የሳንባ አብሰስ ሁለት ፎቶዎች፦ ከመተማ ሆነን ስናያቸው

እስቲ አንድ የፓቶሎጂ መጽሐፍ ግለጡና «የሳንባ አብሰስ» የሚለውን ገጽ ፈልጉ። ፓቶሎጂ በሽታ የሰውነታችንን ክፍሎች እንዴት እንደሚለውጥ የሚያጠና የሕክምና ዘርፍ ነው። አብሰስ ደግሞ መግል የቋጠረ ጉድጓድ ማለት ነው፤ ቆዳ ላይ ሲወጣ ብጉንጅ የምንለው ዓይነት፣ እዚህ ግን ሳንባ ውስጥ።

ገጹ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን ታገኛላችሁ። አንዱ በዓይን የሚታየው ነው፦ በቢላ የተከፈተ ሳንባ፣ መሐሉ ላይ ጉድጓድ፣ ከሥሩ ማስመሪያ። ሌላው በማይክሮስኮፕ የሚታየው ነው፦ ሮዝና ወይን ጠጅ ነጠብጣቦች የሞሉበት ሜዳ። ከሥራቸው ሁለት መስመር መግለጫ አለ። ተማሪው ያያል፣ ይሸመድዳል፣ ይፈተናል፣ ያልፋል።

ይህ ጽሑፍ የእነዚህን ሁለት ፎቶዎች ሥራ ይገመግማል። ልክ ፊልም ወይም ልብ ወለድ እንደምንገመግመው፦ ምን በደንብ ያሳያሉ? ምን ያስቀራሉ? ለማንስ ነው የተሠሩት? እኔ የኢንጂነሪንግ ሰው ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። የማጠናው ኮምፒውተር የሕክምና ምስሎችን እንዲያነብ ማሠልጠን ላይ ነው። ስለዚህ ፎቶን የማየው እንደ መለኪያ መሣሪያ ነው። መለኪያ ደግሞ ጥሩነቱ የሚታወቀው ሥራ ላይ ሲውል ነው። መሞከሪያ ቦታ አድርጌ የመረጥኩት መተማን ነው፤ የምዕራብ ጎንደርን ቆላ፣ የሱዳንን ድንበር።

ለምን መተማ? በየዓመቱ በክረምቱ አረምና በመኸሩ አጨዳ ጊዜ ብዙ ወጣቶች ከደጋው ለሰሊጥ፣ ለጥጥና ለማሽላ ሥራ ወደዚያ ይወርዳሉ። ቆላው ደግሞ ወባ አለበት፣ ካላዛር አለበት፣ ቲቢም አለበት። እስቲ ከነዚያ ወጣቶች አንዱን አስቡ። ሦስት ሳምንት አስሏል፣ ሌሊት ሌሊት ያልበዋል፣ ከስቷል፣ አክታው ይሸታል። ይህን ልጅ ለሚያየው ባለሙያ የመጽሐፉ ሁለት ፎቶዎች ምን ይረዱታል?

ሙግቴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ፎቶዎቹ አይዋሹም። ችግራቸው መልሱን ብቻ አሳይተው ጥያቄውን መደበቃቸው ነው።

በዓይን የሚታየው ሳንባ

መጀመሪያ የሚገባቸውን ምስጋና እንስጣቸው። በግ ሲታረድ ሳንባ ያየ ሰው ጤነኛ ሳንባ ምን እንደሚመስል ያውቃል፦ ቀላል፣ ሲጫኑት እንደ ስፖንጅ የሚሰረጉድ፣ ውሃ ላይ ሲጥሉት የሚንሳፈፍ። በአየር የተሞላ ስለሆነ ነው። የመጀመሪያው ፎቶ ከዚህ ጋር ስናስተያየው ብዙ ይናገራል። አንድ ቦታ ላይ ስፖንጁ ጠፍቷል። በምትኩ ዳር ዳሩ የተቦጫጨቀ ጉድጓድ አለ፤ ከጥቂት ሚሊሜትር አንስቶ እስከ 5 ወይም 6 ሴንቲሜትር ሊደርስ ይችላል። ውስጡ ቢጫ ወይም አረንጓዴ የሚመስል መግል ይኖረዋል። ዙሪያው ያለው ሳንባ ጠጥሯል፣ ቀልቷል። ጉድጓዱ የቆየ ከሆነ ግድግዳው ወፍሮ ነጣ ያለ ጠባሳ ሆኗል።

ይህ ቀላል ትምህርት አይደለም። ከሳንባ ምች ጋር ያለው ልዩነት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በተራ የሳንባ ምች የሳንባው የአየር ከረጢቶች በፈሳሽና በነጭ የደም ሴሎች ይሞላሉ፤ ቤቱ ግን አልፈረሰም። ሕመሙ ሲድን ፈሳሹ ይጸዳል፣ ከረጢቶቹ እንደገና ሥራ ይጀምራሉ። በአብሰስ ጊዜ ግን ግድግዳው ራሱ ነው የፈረሰው። ፎቶው ይህን በአንድ እይታ ያሳያል፤ ገጽ ሙሉ ጽሑፍ እንደዚህ አያስረዳም።

አሁን ወደ ሂሱ። ሳንባው ሲቆረጥ መግሉ ይፈስሳል፤ ከዚያም ለፎቶ ሲባል ይታጠባል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የምናየው ባዶ ጉድጓድ ነው። ፎርማሊን ውስጥ የቆየ ሳንባ ቀለሙም ይለወጣል፤ ግራጫና ቡናማ ይሆናል። ተማሪው ግን የሚያየውን ቀለም የበሽታው ቀለም ነው ብሎ ይይዘዋል። ሽታ ደግሞ በፎቶ አይታይም። ያ መጥፎ ሽታ ግን ለሐኪሙ ትልቅ ፍንጭ ነው፤ ያለ አየር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች እንዳሉ ይጠቁመዋል።

እኔን እንደ ኢንጂነር ይበልጥ የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው፤ ቧንቧው የለም። ሳንባ የቧንቧ መረብ ነው። መግል የያዘው ጉድጓድ ከአንዱ የአየር ቧንቧ ጋር ከተገናኘ ታካሚው በድንገት ብዙ የሚሸት መግል ያስላል፤ በምትኩ አየር ወደ ጉድጓዱ ይገባል። ካልተገናኘ ግን መግሉ እዚያው ይታጎራል፣ አክታውም ምንም ላይናገር ይችላል። የበሽታው ጉዞ ያለው እዚህች መገናኛ ላይ ነው። ቢላው ግን በአንድ ቀጥታ መስመር ብቻ ነው ያለፈው። ቧንቧዋ ከዚያ መስመር ትንሽ ፈቀቅ ካለች ፎቶው ላይ አትኖርም። የቤታችሁን የውሃ መስመር በአንድ ቦታ ብቻ ቆርጣችሁ ፎቶ ብታነሱት ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ይገባችኋል? አይገባችሁም።

ወደ ላይ የቱ ነው?

ሌላው የሚጎድለው አቅጣጫ ነው። ፎቶው ላይ የሚተኛው ሳንባ የቀኝ ይሁን የግራ፣ ሰውየው ሲታመም የትኛው ጎኑ ወደ ታች እንደነበር ብዙ ጊዜ አልተጻፈም። ለአብሰስ ግን ይህ ዋና ነገር ነው።

የትንፋሽ ቧንቧችን ደረት ውስጥ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። የቀኙ ቅርንጫፍ ሰፋ፣ አጠር፣ ቀጥ ያለ ነው። የግራው ጠበብ ብሎ ወደ ጎን ያጋድላል። ስለዚህ ወደ ተሳሳተ መንገድ የገባ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቀኝ ይወርዳል። ሰውየው በጀርባው ተኝቶ ከሆነ ደግሞ ወደ መሬት የሚቀርበው የላይኛው የሳንባ ክፍል ጀርባና የታችኛው ክፍል አናት ነው። አብሰስ በብዛት የሚገኘውም እዚያው ነው። ዕጣ አይደለም፤ የመሬት ስበት ነው።

የሚወርደው ምንድነው? ምራቅና የአፍ ውስጥ ባክቴሪያ። ጤነኛ ሰው ትንታ ይጠብቀዋል፤ ትንሽ ጠብታ ከገባች ያስላታል። ራሱን የሳተ ሰው ግን ይህ ዘበኛ የለውም። በሚጥል በሽታ የወደቀ፣ ጠጥቶ ከልክ በላይ የሰከረ፣ ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶ ኮማ ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ እዚህ ውስጥ ይመደባል። በዚያ ላይ ድዱ የታመመ ከሆነ የሚወርደው ባክቴሪያ ብዙ ነው። ከገባበት ቀን ጀምሮ ሳንባው በስብሶ ጉድጓድ እስኪሆን አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ታካሚው ሆስፒታል ሲመጣ ያችን ሌሊት ረስቷት ሊሆን ይችላል። «ከሁለት ሳምንት በፊት ራስህን ስተህ ነበር?» ብሎ የሚጠይቀው ካላገኘ ታሪኩ ይጠፋል።

እዚህ ላይ የማይክሮስኮፕ ፎቶ በትክክል ሥራ ላይ የዋለበትን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ዴቪድ ስሚዝ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በሳንባ አብሰስ የሞቱ ሰዎችን ሳንባ ይመረምር ነበር። የጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ያያቸው ባክቴሪያዎች ከታመመ ድድ ከሚገኙት ጋር እንደሚመሳሰሉ አስተዋለ። ከዚያ የድድ ባክቴሪያዎችን ወስዶ እንስሳት የትንፋሽ ቧንቧ ውስጥ አስገባ። ለየብቻቸው ሲሆኑ ነገሩ አልሠራም፤ ተቀላቅለው ሲገቡ ግን አብሰሱ ተፈጠረ። ልብ በሉ፤ ስሚዝ ያየውና የዛሬ ተማሪ የሚያየው አንድ ዓይነት ነገር ነው። ልዩነቱ ስሚዝ «እነዚህ ከየት መጡ?» ብሎ መጠየቁ ነው። የመጽሐፉ ፎቶ ይህን ጥያቄ ለተማሪው አላቀበለውም።

ቀለሙ የሳንባው አይደለም

ወደ ሁለተኛው ፎቶ እንለፍ። መጀመሪያ እንዴት እንደተሠራ እንይ፤ መግለጫው ይህን አይነግራችሁማ።

ከሳንባው ትንሽ ቁራጭ ይወሰድና ፎርማሊን ውስጥ ይነከራል። ከዚያ ውሃው በአልኮል ይወጣለታል፤ በውሃው ቦታ የቀለጠ ሰም ይገባል። ሰሙ ሲደርቅ ቁራጩ ከ3 እስከ 5 ማይክሮሜትር ውፍረት እንዲኖረው ሆኖ ይላጣል። ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ማለትም ልጣጩ ከፀጉራችሁ ከአሥር እጥፍ በላይ ይቀጥናል። ይህን ያህል ከቀጠነ በኋላ ቀለም የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሁለት ማቅለሚያ ይጨመርበታል። ሄማቶክሲሊን ከመካከለኛው አሜሪካ ዛፍ የሚገኝ ማቅለሚያ ነው፤ የሴሎችን ኒውክለስ ወይን ጠጅ ያደርጋል። ኢኦሲን ደግሞ የቀረውን ሮዝ ያደርጋል።

እንግዲህ ያ ያማረ ሮዝና ወይን ጠጅ የሳንባው ሳይሆን የማቅለሚያው ነው። ይህ ማታለል አይደለም፤ ካርታ ላይ ወንዝ ሰማያዊ እንደሚቀባው ነው። ካርታ ግን መፍቻ አለው። እዚህ መፍቻው የለም፤ ወይም በሁለት ፊደል አሳጥረው ጽፈውት ማንም አያነበውም።

መፍቻውን ካገኛችሁ በኋላ ግን ፎቶው ግሩም ነው። ከመሐል ወደ ዳር አንብቡት። መሐሉ ላይ ቅርጽ የሌለው ሮዝ ፍርስራሽ ታያላችሁ፤ የሞተው ሳንባ ነው። የአየር ከረጢቶቹ ግድግዳ እዚያ የለም። ቀጥሎ እጅግ ብዙ ኒውትሮፊሎች አሉ። እነዚህ ቀድመው የሚደርሱ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ኒውክለሳቸው ከ3 እስከ 5 ቦታ ተከፋፍሎ በቀጭን ክር የተያያዘ ስለሆነ እንደ ዶቃ ይመስላል፤ አንዴ ካያችሁት አይጠፋችሁም። ኒውትሮፊሎች ባክቴሪያን የሚያሟሙ ኬሚካሎች ይረጫሉ። ኬሚካሉ ግን ወዳጅና ጠላት አይለይም፤ ሳንባውንም አብሮ ያሟሟል። መግል ማለት የዚህ ውጊያ ቅሪት ነው፦ የሞቱ ኒውትሮፊሎች፣ ባክቴሪያዎችና የሟሟ ሥጋ። ወደ ዳር ስትሄዱ ፍርስራሽ የሚለቅሙ ትልልቅ ሴሎች፣ አዳዲስ ቀጫጭን የደም ሥሮች፣ በመጨረሻም ጠባሳ የሚሠሩ ሴሎች ታገኛላችሁ። ሰውነት እሳቱን ማጥፋት ሲያቅተው አጥር እያጠረበት ነው።

ከዚህ ፎቶ አንድ በጣም ጠቃሚ ነገር መማር ይቻላል። መሐሉ ላይ የደም ሥር የለም። መድኃኒት ደግሞ የሚጓዘው በደም ነው። የሳንባ አብሰስ መድኃኒት በቀናት የማያልቀው፣ ሳምንታት የሚፈጀው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ይህን የሚያስረዳ መግለጫ ከፎቶው ሥር ተጽፎ ግን እምብዛም አላየሁም። «ኒውትሮፊሎችና ኔክሮሲስ ይታያሉ» ይልና ያበቃል።

ሁለት ጉድለቶችን ልጨምር። አንደኛ፣ ይህ አቀላለም የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነ አይለይም። ለዚያ ሌላ ማቅለሚያና በላቦራቶሪ ማሳደግ ያስፈልጋል። ያለ አየር የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ደግሞ አየር ሲነካቸው ስለሚሞቱ በተለመደው መንገድ ላይበቅሉ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ የመጠን ነገር። «400 ጊዜ ጎልቶ የታየ» ይላሉ። በየትኛው ስክሪን ላይ? ፎቶውን ስልካችሁ ላይ በሁለት ጣት ስትለጥጡት 400 ትርጉሙን ያጣል። ፎቶው ውስጥ «20 ማይክሮሜትር» የሚል አጭር መስመር ቢኖር ግን ከምስሉ ጋር አብሮ ይለጠጣል፤ ሁልጊዜም ትክክል ነው። ይህን አንዲት መስመር መተው ለእኔ ይቅር የማይባል ነው።

የመተማ ማይክሮስኮፕ የሚያየው ሌላ ነው

አሁን ወደ ቆላው እንውረድ። እዚያ ማይክሮስኮፕ የዕለት ሥራ መሣሪያ ነው። ለማነጻጸር ካላዛርን እንውሰድ።

ካላዛር በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1942 በደቡብ በኩል ተመዘገበ። ዛሬ በብዛት ከሚታይባቸው ቦታዎች መካከል የመተማና የሁመራ ቆላዎች ይገኙበታል። የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትባል ትንሽ ነፍሳት ናት፤ በበጋ በሚሰነጣጠቀው ጥቁር አፈርና በግራር ዛፎች አካባቢ ትገኛለች። ዛፍ ሥር ወይም ሜዳ ላይ የሚያድር የቀን ሠራተኛ ይበልጥ ይጋለጣል። በሽታው ጣፊያን ያሳብጣል፣ ነጭ የደም ሴሎችን ይቀንሳል። ምርመራው ሲያስፈልግ ከሕያው ታካሚ ጣፊያ ወይም መቅኔ በመርፌ ናሙና ይወሰድና ይቀለማል። ባለሙያው የሚፈልገው ከ2 እስከ 4 ማይክሮሜትር የሚሆን ክብ አካል ነው፤ ውስጡ አንድ ትልቅ ነጥብና ከጎኑ አንድ ትንሽ ዘንግ መሳይ ነገር አለ። ሁለቱን አብሮ ካየ ጥገኛ ተሕዋሱን አግኝቷል። ይህን አካል እ.ኤ.አ. በ1903 ሊሽማንና ዶኖቫን ለየብቻቸው ገልጸውት ስማቸው ተሰጥቶታል።

እዚህ ላይ የመጽሐፉ ፎቶና የባለሙያው ዕይታ አንድ ናቸው። መጽሐፉ ላይ ያየውን ክብ አካል ማይክሮስኮፑ ሥር ይፈልገዋል። ፎቶው መሣሪያ ነው።

የቲቢውም እንደዚሁ ነው። ሮበርት ኮክ የቲቢን ባክቴሪያ ማግኘቱን እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1882 በርሊን ላይ አስታወቀ። ዛሬም በሚሠራበት የአቀላለም ዘዴ አክታው በቀይ ይቀለማል፣ በአሲድ ይታጠባል፣ ከዚያ ሰማያዊ ይጨመርበታል። አብዛኛው ነገር ቀዩን ይለቃል፤ የቲቢ ባክቴሪያ ግን ሰም መሳይ ቅባት ስላለው አይለቅም። ሰማያዊ ሜዳ ላይ ቀይ ዘንጎች ይታያሉ።

ለሳንባ አብሰስስ? ልዩነቱን አያችሁት? መተማ ላይ ማንም የሕያው ሰው ሳንባ ቆርጦ፣ ሰም አስገብቶ፣ ላጥቶ አያይም። ጎንደርም አዲስ አበባም ላይ ለተራ አብሰስ ይህ የተለመደ ምርመራ አይደለም። እነዚያ ሁለት ፎቶዎች የመጡት ከሬሳ ምርመራ ወይም በቀዶ ሕክምና ከወጣ ሳንባ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ፎቶውን ለማግኘት የሚቻለው ታካሚው ከሞተ ወይም ከባድ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ ነው። ለዚያ ለሚያስለው ወጣት ግን የሚያስፈልገው ከዚያ በፊት ነው።

ላቦራቶሪው በተግባር የሚያገኘው አክታ ነው። የአብሰስ አክታ በቲቢ አቀላለም ሲታይ ቀይ ዘንግ የለውም፤ ኒውትሮፊሎችና የተቀላቀለ ባክቴሪያ በሰማያዊ ብቻ ይታያሉ። ውጤቱ «ቲቢ አልታየም» ይሆናል። «አልታየም» ማለት ግን «የለም» ማለት አይደለም። በማይክሮስኮፕ እንዲታይ በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 የሚሆን የቲቢ ባክቴሪያ መኖር አለበት። ከዚያ ካነሰ ያመልጣል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2010 የዓለም ጤና ድርጅት የደገፈው ጂንኤክስፐርት የባክቴሪያውን ዲኤንኤ ስለሚፈልግ በጣም ያነሰውንም ያገኛል፤ ሁለት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል።

ነገሩን የሚያወሳስብ ሌላም አለ። ካላዛር የመከላከል አቅምን ስለሚያዳክም ያው ሰው የሳንባ ኢንፌክሽንም ሊኖርበት ይችላል። አንዱን ማግኘት ሌላውን አያስቀርም። መጽሐፍ ላይ ግን እያንዳንዱ በሽታ የራሱ ገጽ፣ የራሱ ንጹሕ ፎቶ አለው። ሰው ደግሞ አንድ ገጽ ብቻ አይታመምም።

ያልታተመው ሦስተኛ ፎቶ

ሕያው ሰው ላይ አብሰስን በዋናነት የሚያሳየን ራጅ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ከሁለቱ በፊት መታተም ያለበት ይኸኛው ነው።

አንድ ጀሪካን ውሃ ግማሽ ሙሉት። ብታቆሙትም ብታጋድሙትም የውሃው ወለል ከመሬት ጋር ትይዩ ሆኖ ይቀራል። ከቧንቧ ጋር የተገናኘ አብሰስም ልክ እንደዚህ ነው፤ ከታች መግል፣ ከላይ አየር። ራጅ ላይ አየር ጥቁር፣ ፈሳሽ ነጣ ያለ ስለሆነ መሐላቸው ቀጥ ያለ አግድም መስመር ይታያል። መስመሯ ያችን መጽሐፉ የደበቃትን ቧንቧ ትመሰክራለች፤ አየሩ በሌላ በየት ይገባል? (አንዳንዴ ጋዙን ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው ያመነጩታል፤ የተለመደው ግን በቧንቧው መግባቱ ነው።)

ግን ጥንቃቄ አለ። ታካሚው ቆሞ ወይም ተቀምጦ ከተነሳ መስመሯ ትታያለች። በጀርባው ተኝቶ ጨረሩ ከላይ ወደ ታች ከመጣ ግን ጀሪካኑን ከአፉ ቁልቁል እንደማየት ነው፤ አየሩና ፈሳሹ ተደራርበው መስመሯ ትጠፋለች። በጣም የደከመ ታካሚ ብዙ ጊዜ ተኝቶ ነው የሚነሳው። ስለዚህ ራጁ ላይ «ቆሞ» ወይም «ተኝቶ» የሚል አንድ ቃል መጻፍ ማሽኑን በውድ ከመለወጥ ይበልጥ ሊጠቅም ይችላል።

ራጅም ብቻውን ዳኛ አይሆንም። ቲቢም ሳንባ ውስጥ ጉድጓድ ይሠራል። በዓይን ሲታይ የቲቢው የሞተ ሥጋ ነጭና ፍርፍር ያለ ነው፤ ፓቶሎጂስቶች ከአይብ ጋር ያመሳስሉታል። የእኛን አገር አይብ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ቦታውም ብዙ ጊዜ የሳንባው አናት ነው፤ የፈሳሽ መስመሩም እንደ አብሰስ የተለመደ አይደለም። በማይክሮስኮፕ ከኒውትሮፊል ይልቅ ተከማችተው ክብ የሠሩ ሌሎች የመከላከያ ሴሎች፣ ከነሱም መካከል ብዙ ኒውክለስ ያላቸው ግዙፍ ሴሎች ይታያሉ። ይሁን እንጂ ሁለቱ ራጅ ላይ የሚመሳሰሉበት ጊዜ አለ። የሳንባ ካንሰርም መሐሉ ሲበሰብስ አብሰስ ሊመስል ይችላል።

መለየቱ ለምን ያስጨንቃል? ሕክምናቸው ስለሚለያይ ነው። የተለመደው የቲቢ ሕክምና ስድስት ወር የሚወሰድ የተለያዩ መድኃኒቶች ጥምር ነው። የአብሰስ ሕክምና ሌሎች አንቲባዮቲኮችን ለሳምንታት መውሰድ ነው። አንቲባዮቲክ ከመምጣቱ በፊት በሳንባ አብሰስ ከታመሙ ሰዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ይሞቱ ነበር፤ ዛሬ አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል። ቲቢ ለሌለበት ሰው የቲቢ መድኃኒት መስጠት ስድስት ወር ያባክናል። ቲቢ ላለበት ሰው አብሰስ ነው ብሎ መተው ደግሞ በሽታው አብረውት ወደሚያድሩት ሠራተኞች እንዲተላለፍ ይፈቅዳል። በዚያ ላይ አጨዳው ሲያልቅ ልጁ ወደ አገሩ ይመለሳል። ሱዳን ውስጥ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ደግሞ ብዙ ሰው በመተማ በኩል ተሻግሯል። ሰው በሚመጣበትና በሚሄድበት ቦታ «ከወር በኋላ ተመለስና እናያለን» ማለት ከባድ ነው።

ኮምፒውተርም በፎቶ ይታለላል

«ታዲያ ኮምፒውተር አይለየውም?» ትሉ ይሆናል። የእኔ መስክ ስለሆነ በአጭሩ ልመልስ። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት የሳንባ ምችን ከራጅ ለመለየት የሠለጠኑ ሞዴሎችን ፈትሾ ነበር። ሞዴሎቹ ራጁ ከየትኛው ሆስፒታል እንደመጣ መለየት እንደሚችሉ ታየ። አንዱ ሆስፒታል ብዙ የሳንባ ምች ታካሚ ካለው፣ ሆስፒታሉን ማወቅ ራሱ ለሞዴሉ አቋራጭ መንገድ ይሆንለታል። ሌላ ቦታ ሲወሰድ ችሎታው ሊቀንስ ይችላል።

ይህ ከሸምዳጁ ተማሪ በምን ይለያል? ሁለቱም ከፎቶው ዙሪያ ያለውን ነገር ይዘው ስም ይሰጣሉ። በንጹሕ የመጽሐፍ ፎቶ የሠለጠነ ሞዴል፣ መተማ ላይ ተኝቶ የተነሳ ደብዛዛ ራጅ ሲቀርብለት ምን እንደሚል በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ከዚያው አካባቢ በተሰበሰበ ምስል መፈተሽ አለበት።

እንዴት ቢታተም ይሻላል?

ሁለቱ ፎቶዎች ይጣሉ እያልኩ አይደለም። ግድግዳው እንደፈረሰ፣ መሐሉ የደም ሥር እንደሌለው፣ ሰውነት አጥር እንደሚሠራ ያሳዩን እነሱ ናቸው። የምለው ብቻቸውን አይታተሙ ነው። ለአገራችን ተማሪ የሚዘጋጅ ገጽ ቢያንስ እነዚህን ቢያሟላ ደስ ይለኛል፦

መጀመሪያ የሕያው ሰው ራጅ ይቅደም፤ ታካሚው ቆሞ ይሁን ተኝቶ ይጻፍ። በዓይን የሚታየው ሳንባ ላይ ቀኝና ግራ፣ ላይና ታች ይመልከት፤ ወደ ጉድጓዱ የሚገባው ቧንቧም በቀስት ይጠቆም። የማይክሮስኮፑ ፎቶ የመጠን መስመርና የቀለም መፍቻ ይኑረው። ከጎኑ የቲቢ ጉድጓድ ፎቶ ይቀመጥ፤ ልዩነት የሚታየው ሁለት ነገር ሲነጻጸር ነውና። ከሁሉም ሥር ደግሞ ከመልሱ በፊት ጥያቄው ይጻፍ፦ «ይህ ሰው ከሁለት ሳምንት በፊት ምን ሆኖ ነበር?»

ይህ ውድ ማሽን አይፈልግም። ሁለት ተጨማሪ ፎቶና ጥቂት መስመር ጽሑፍ ይበቃል።

እናንተም እስከዚያ ድረስ የሕክምና ፎቶ ሲያጋጥማችሁ አራት ነገር ጠይቁት፦ ከሕያው ነው ከሬሳ የተወሰደው? ቀለሙ የራሱ ነው የማቅለሚያ? ምን ያህል ነው፣ ወደ ላይስ የቱ ነው? ከየትኛው ሌላ በሽታ ጋር ሊምታታ ይችላል? አራቱን ካልመለሰላችሁ ስሙን ገና አትሸምድዱ። እና ከራሳችሁም ሆነ ከጎረቤታችሁ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ካለ ፎቶ ስትፈልጉ አትዋሉ፤ ጤና ጣቢያ ሂዱና አክታው ይመርመር።